ባለ አራት ብሎኗ ፋሸታ

በመቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ ብስክሌቱ የተበላሸበት ሰው «ቸርኬው ጋ ውሰደው» ይባላል። ቸርኬው ከገበያው ጀርባ በምታልፈው ጠባብ መንገድ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል በር ላይ የተሰቀለ አሮጌ የብስክሌት ቸርኬ ነው። ጽሑፍ የለበትም፤ አያስፈልገውምም። ከሥሩ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ዐይኑን የሚሽከረከር ጎማ ላይ ተክሎ የሚውለው ሰው ሔሩይ ይባላል።

ሔሩይ ከደሴ የመጣው በ1987 ዓ.ም. ነበር፤ ከባሏ ጋር ወደ መቐለ የተዛወረችውን ታላቅ እህቱን እማዋይሽን ተከትሎ። ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። «አንድ ክረምት አይቼ እመለሳለሁ» ብሎ ነበር የወጣው። ከስምንት ዓመት በኋላ እህቱና ባሏ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲመለሱ እሱ ቀረ። ምን እንዳስቀረው ሲጠየቅ «ጎማዎቹን ለማን ጥዬ ልሂድ?» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እሱ ግን የምሩን ነው። መቐለ ብስክሌት የምትወድ ከተማ ናት። እሑድ ውድድር ያለባቸው ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ይሰለፋሉ። እሱም ጎማውን አሽከርክሮ፣ ራጂዎቹን፣ እነዚያን ቀጫጭን የጎማ ሽቦዎች፣ አንድ በአንድ በጥፍሩ እየነካ የላላውን በጆሮው ይለያል። «የሔሩይ እጅ አያሳፍርም» ይሉታል። ይህን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል፤ ብቻውን ሲሆን ግን መልሶ መላልሶ ያስታውሰዋል። ሚስትም ልጅም ላልነበረው ሰው ይህች ንግግር ቤት ውስጥ እንደሚጠብቅ ሰው ነበረች።

ይህን የማይለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ገዛኢ። ገዛኢ በሰሜን፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ቶርኖ ቤት አለው፤ ብረት ይቆርጣል፣ ይልጋል፣ ጥርስ ያወጣል። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሔሩይ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተ እኮ ታስራለህ እንጂ አትሠራም! ላሜራና ሽቦ ባይፈጠር ምን ይውጥህ ነበር?» አለው። ሰዉ ሳቀ። ሔሩይም አብሮ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የገዛኢን ደጃፍ አልረገጠም። ቶርኖ የሚፈልግ ሥራ ሲመጣበት በራሱ ዘዴ ይወጣዋል። የኮርቻው ዘንግ ለቱቦው ቀጥኖ የሚወላወል ብስክሌት ሲያመጡለት ከዘይት ቆርቆሮ ላይ የጣት ስፋት ያህል ላሜራ ይቆርጣል፤ ዘንጉ ላይ ይጠቀልላል፣ ቱቦው ውስጥ ይከተዋል፣ ያጠብቃል። አለቀ። ዐሥር ዓመት አይንቀሳቀስም።

ስኩተሩ የመጣው ኋላ ነው። በእግር የሚገፋ፣ መቀመጫ የሌለው፣ ሁለት ትንንሽ ጎማ ያለው ነገር። ሔሩይ መጀመሪያ ሲያየው «ይኼ ደግሞ የማን ሕፃን መጫወቻ ነው?» ብሎ ነበር። ልጆቹ ግን በእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ባለው የስሚንቶ ሜዳ ላይ በእሱ መዝለል፣ አየር ላይ መሪውን እንደ ወፍጮ ማዞር፣ መልሶ መያዝና ማረፍ ጀመሩ። ሲሰበርባቸውም ወደ ቸርኬው መጡ።

ከመካከላቸው ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሳምሪ። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ጎንደሬ፣ እናቷ ወይዘሮ ለተመድህን የመቐለ ሰው። ስኩተሩን ከውጭ የመጣች አክስቷ ነበረች ያመጣችላት። ወንዶቹ ሲዘልሉ ይጮኻሉ፤ እሷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ዝም ብላ ነው የምትነሣው፣ ዝም ብላም ነው የምታርፈው። ሔሩይ አንድ ጊዜ ሜዳው ድረስ ሄዶ አይቷት ነበር። እንደ ጥሩ ጎማ ናት፤ ወዲያና ወዲህ አትልም።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳምሪ ስኩተሯን ይዛ መጣች፤ ከኋላዋ ኣታኽልቲ የሚባል ጎረምሳና ሌሎች ሦስት ልጆች።

«ኣያ ሔሩይ፣ ክላምፑ ለቀቀ» አለች፤ ታላቅ ወንድም እንደሚጠራ ኣያ ነበር የምትለው።

ልጆቹ ክላምፕ የሚሉትን ሔሩይ ፋሸታ ነው የሚለው። መሪውን ከታች ካለው የጎማ ሹካ ጋር አንድ ላይ ጨምድዳ የምትይዝ ወፍራም የብረት ቀለበት ናት። በአንድ ጎኗ ስንጥቅ አላት፤ የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች በብሎን ሲሳቡ ቀለበቷ ትጠብባለች፣ መሪውን ታንቃለች። እሷ ከለቀቀች እጅ ወደ አንድ፣ ጎማ ወደ ሌላ ነው።

የሳምሪ ፋሸታ ባለ ሁለት ብሎን ነበረች። ብሎኑ የሚገባበት ጥርስ ተበልቷል። ሔሩይ ቀለበቷን ባዶዋን መሪው ላይ አጥልቆ አያት፤ ልክክ አለች። የምትፈልገው አዲስ ጥርስ ነው፤ ጥርስ ደግሞ የሚወጣው ገዛኢ ጋ ነው።

ኣታኽልቲ ይህን ጊዜ ከኪሱ ሌላ ፋሸታ አወጣ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ አራት ብሎን ያላት፣ ከተሰበረ ስኩተር የተፈታች። «ይቺን እሰርላት! የሷ ሁለት ብሎን የሕፃን ነው። ይቺ መኪና ታቆማለች።»

«አራት ብሎን!» አሉ ሌሎቹ።

ሔሩይ አጠለቃት። ሰፋች። በብረቱና በመሪው መካከል የላሜራ ውፍረት የሚያህል ክፍተት ነበር። የብሎን ብዛት ምንም እንደማያደርግ፣ ዋናው ልክ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። «ትሰፋለች» አለ።

«እና ገዛኢ ጋ እንውሰዳት?» አለ ኣታኽልቲ። «እሱ በቶርኖ ያስተካክላታል ይባላል።»

ልጁ ይህን ያለው በየዋህነት ነው። ሔሩይ ግን ጆሮው ጋለ። «ለዚች ገዛኢ? ሂድና ያን የዘይት ቆርቆሮ አቀብለኝ» አለ።

ላሜራ ቆረጠ፤ መሪው ላይ ዙሪያውን ጠቀለለ፤ ፋሸታዋን ከላዩ አጥልቆ በብሩጎላ ቁልፍ ማጥበቅ ጀመረ። አንዱን ሩብ ዙር፣ ቀጥሎ ያለውን ሩብ ዙር። ልጆቹ ከበውት ቆመዋል። ቁልፉ ደረቀ። ሔሩይ ቀና ብሎ ስንጥቁን አየ። ሁለቱ ከንፈሮች ተገናኝተዋል።

ከንፈር ከተገናኘ ፋሸታ እርስ በርሷ ነው የምትያያዘው፤ መሪውን መያዟን ትታለች። ቁልፉ የደረቀው መሪው ስለታነቀ አልነበረም። ሔሩይ ይህን አየ፤ ያየውንም ዐወቀ። ጎማውን በጉልበቱ መሀል አጣብቆ መሪውን ወዲያና ወዲህ ታገለው። አልዞረም፤ ላሜራው ይዟል።

«ሆነ?» አለች ሳምሪ።

«ሆነ።»

«የኣያ ሔሩይ እጅ!» ብላ ሣቀች፤ ያን ጊዜ ስትሥቅ አፏን አትሸፍንም ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ዝናቡ ለጧቱ ታገሠ። ልጆቹ ትርኢት አለን ብለው ሰዉን ጠርተው ነበር፤ ሔሩይም ሄደ። ሳምሪ ሦስተኛ ወጣች። ተነሣች፣ መሪውን አዞረች፣ ያዘች፣ ወረደች። ጎማዎቹ ስሚንቶውን ሲነኩ መሪው እጇ ላይ ቀጥ እንዳለ የፊቱ ጎማ ብቻውን ወደ ጎን ታጠፈ። በፊቷ ነው የወደቀችው። ጩኸት ሆነ፤ ሰው ሁሉ ወደሷ ሮጠ። መሪው ተነቅሎ ወጥቶ ነበር። ባለ አራት ብሎኗ ፋሸታ ስሚንቶው ላይ ተንሸራትታ ሔሩይ እግር ሥር መጥታ ቆመች፤ ላሜራው እንደ ምላስ ከውስጧ ወጥቷል።

ሔሩይ ጎንበስ ብሎ አነሣት። ኪሱ ከተታት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ልጅቷ የሮጠው።

የእጇ አንጓ ተሰብሯል፤ የፊት ጥርሷ እኩሌታው የለም። ባጃጅ ውስጥ ሲያስገቧት ሔሩይ ክንዷን ደግፎ ነበር። «እኔ ነኝ» ትላለች፣ ደሟን እየዋጠች። «ቸኮልኩ። ማረፊያዬን አበላሸሁ።» ሔሩይ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ፋሸታ በእጁ ሸፈናት። ባጃጁ ሄደ።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት አሸንዳ ሆነ። ለመቐለ ልጃገረድ ዓመት ሙሉ የሚጠበቅ ቀን ነው። የሳምሪ የክፍል ጓደኞች ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ጥልፍ ለብሰው፣ ወገባቸው ላይ የአሸንዳውን ቅጠል አስረው ከበሮ እየመቱ ቸርኬው ሥር ቆሙ። «ኣያ ሔሩይ፣ ውጣ እንጂ! ተደበቅክብን?»

ወጣ። አንድ በአንድ አያቸው። «ሳምሪስ?»

«እምቢ አለች። እጇ በጀሶ፣ ጥርሷም እንደዚያ ሆኖ... አልዘፍንም፣ አልሥቅም ብላ ክፍሏን ዘግታለች።»

እጁ ላይ ያለውን ብር ሰጥቷቸው ገባ። ከበሮው መንገዱን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ በቆመበት ቆየ። ፋሸታዋ ከዳዶዎች ጋር በአንድ ጣሳ ውስጥ ነበረች። ሊጥላት ሁለት ጊዜ አስቦ ነበር፤ አልቻለም። ለምን እንዳልቻለ ራሱም አያውቅም።

ወራት አለፉ። የስኩተር ጎማ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ ሲንኳኳ በሰማ ቁጥር ሔሩይ አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጆቹ ሳምሪን «ሳምሪ ስሚንቶ» ብለው እንደሚጠሯት ሰማ። «መዝለል ታውቃለች፣ መውረድ አታውቅም» አለ ኣታኽልቲ አንድ ቀን እዚያው በርጩማው አጠገብ። «ሴት ልጅ ስትፈራ እግሯን ታጥፋለች፤ አይደል ኣያ ሔሩይ?» ሔሩይ ጎማውን አሽከረከረ። «አይደል?» አለ ልጁ ደግሞ። «እኔ ምን ዐውቃለሁ» አለ ሔሩይ። በዚያ ቀን የነካቸው ራጂዎች አንዳቸውም በጆሮው አልተለዩለትም። ሰው መጥቶ «እጅህ አያሳፍርም» ሲለው ስድብ እንደተሰደበ ፊቱን ያዞራል።

በታኅሣሥ ሳምሪ መጣች። ስኩተሩን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማለች። ስትናገር በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትከልላለች።

«ኣያ ሔሩይ፣ ክላምፕ ታገኝልኛለህ? ያቺኛዋ ያን ቀን ጠፋች። ሜዳውን ሁሉ ፈለግናት።»

«ለምን ፈለግሽው?»

«ለኣታኽልቲ ልሰጠው ነው። ትንሽ ወንድሙ ልማር እያለ ያስቸግረዋል። እኔ በቃኝ። ማረፍ አልችልም፤ ምን አደርጋለሁ።» ከዚያ አንድ ነገር እንደረሳች ሁሉ ዞር አለች። «አንተ ያሰርከው እንኳ አላዳነኝም እኮ፤ እስቲ አስበው የኔን ነገር!»

ሔሩይ ጣሳው ላይ ዐይኑ አረፈ። «የለኝም» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «ተይው። እፈልጋለሁ። ነገ» አለ።

እሷ ስኩተሩን ትታ ስትሄድ ጣሳውን ገለበጠ። ፋሸታዋ ከዳዶዎቹ ጋር መሬት ላይ ወደቀች፤ ላሜራው አሁንም ውስጧ ነው። በማዶ መደርደሪያ ላይ ደግሞ የጥንቷ፣ ባለ ሁለት ብሎኗ፣ ጥርሷ የተበላው፣ አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች። ሔሩይ ሁለቱንም ጨበጠ። ሌላ ልጅ ይወጣበታል፤ ትንሽ ልጅ። በሩን ዘጋ፣ ከነከረጢቱ ስኩተሩን አነሣና ወደ ሰሜን የሚሄድ ታክሲ ያዘ።

ገዛኢ ቶርኖው ላይ ነበር። ቀና ብሎ ሲያየው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «ኣንታ! ፀሐይ በየት ወጣች ዛሬ? ቸርኬው ተሰረቀ እንዴ?»

ሔሩይ ሁለቱን ፋሸታዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ገዛኢ ትልቋን አነሣ፤ ላሜራውን በጣቱ ጎተተ። ላሜራው ላይ የዘይቱ ቆርቆሮ ቢጫ ቀለም ገና አልለቀቀም። «ወይ ጉድ! ይህን የትኛው ጅል ነው ያሰረው?»

«አንድ ልጅ ነው» የሚለው ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ማንም አይመረምራትም።

«እኔ» አለ ሔሩይ።

ገዛኢ ቶርኖውን አጠፋ። ማሽኑ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

«የወይዘሮ ለተመድህን ልጅ የወደቀችበት ነው?»

«አዎ።»

«ከንፈሮቹ ተገናኝተው ነበር?»

«ተገናኝተው ነበር።»

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

ሔሩይ ሳቅ ጠበቀ። በመንገዱ ሁሉ ለሳቁ ነበር የተዘጋጀው። ገዛኢ ግን አልሣቀም፤ ያ ባሰበት። «ታዲያ ለምን አላመጣኸውም?» አለ ገዛኢ ቀስ ብሎ።

«አንተ ታስራለህ እንጂ አትሠራም ብለኸኝ ነበር። ሰው ፊት።»

«እኔ? መቼ?»

«በ2001። በግንቦት።»

ገዛኢ ትዝ እንዲለው ታገለ፤ ከፊቱ ያስታውቃል። አልመጣለትም። «እንደዚያ ብዬ ከሆነ... እንጃ» አለና ትንሿን ፋሸታ አንሥቶ ማጥበቂያው ሞርሳ ላይ አሰራት። የተበላውን ጥርስ በአንድ ቁጥር አሰፋው፣ አዲስ ጥርስ አወጣለት፣ ሁለት ወፈር ያሉ ብሎኖች ፈልጎ አስገባላት። መሪው ላይ አጥልቆ ሞከራት፤ ልክክ አለች። ሔሩይ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ተመለከተ። ዐሥራ አምስት ደቂቃ። ሥራው በሙሉ የዐሥራ አምስት ደቂቃ ነበር።

በማግሥቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ስኩተሩን ተሸክሞ ስሚንቶ ሜዳው ድረስ ሄደ። ሳምሪ ስኩተሩን ልታስረክብ መጥታ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ኣታኽልቲና ልጆቹም ነበሩ። «ኣያ ሔሩይ ራሱ አመጣልን!» አለ ኣታኽልቲ። «የነገሥታት ክብር ነው!»

ሔሩይ በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ረዘም ያለ ንግግር ነበረው። ሁሉም ጠፋው። ከኪሱ ባለ አራት ብሎኗን ፋሸታ አውጥቶ ለሳምሪ ዘረጋላት።

እሷ ፋሸታዋን አየች፤ ላሜራውን አየች፤ እሱን አየች። «የት አገኘሃት?»

«ያን ቀን እኔ ነኝ ያነሣኋት። ደብቄያት ነበር። መውደቅሽ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሰፊ እንደሆነች እያወቅሁ በላሜራ አሰርኳት። እንዳልያዘችም አይቻለሁ። አይቼ ሆነ አልኩሽ።»

ኣታኽልቲ ጫማውን ያይ ጀመር፤ ፋሸታዋን ያመጣው እሱ ነበርና።

ሳምሪ ነጠላው ከአፏ መውደቁን አላስተዋለችም። የተሰበረው ጥርሷ ይታያል። «አራት ወር» አለች። «አራት ወር ሙሉ በልቤ ስዘል ነበር። እግሬን የቱ ጋ እንዳበላሸሁ ስፈልግ። ቀኝ እግሬ ነው እላለሁ፤ ደግሞ የለም ግራዬ ነው እላለሁ። እማዬን እንኳ ፈሪ ነኝ ብያታለሁ። እነዚህ ስሚንቶ ሲሉኝ እውነታቸውን ነው እል ነበር! ጥርሴስ ይሁን። እርስዎ ግን ሲሰሙ ነበር።»

እርስዎ። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ አንተ ብላው ነበር፣ ኣያ ብላው ነበር። ሔሩይ ይህችን ቃል በጥፊ ቢለውጡለት ይወድ ነበር።

«ስሰማ ነበር» አለ።

«ክላምፑስ? አመጡ?»

ትንሿን ሰጣት። ሊያስርላት ብሩጎላውን ሲያወጣ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን ይስጡኝ። እርስዎ ይያዙልኝ።»

ተንበርክኮ ጎማውን በጉልበቱ መሀል ያዘ። እሷ መሪውን ሹካው ላይ አስገባች፤ የፋሸታዋን ስንጥቅ ከመሪው ስንጥቅ ጋር አስተካከለች፤ ላይኛውን ሩብ ዙር፣ ታችኛውን ሩብ ዙር እያለች አጠበቀች። የተሰበረው እጇ ገና ደካማ ነው። ሊያግዛት አልደፈረም።

«ከንፈሮቹ ተገናኙ?»

«አልተገናኙም።»

«ምን ያህል ይቀራቸዋል?»

«የጥፍር ውፍረት።»

«ጮክ ይበሉ፤ ኣታኽልቲ አይሰማም።»

«የጥፍር ውፍረት!» ብሎ ጮኸ የአርባ ሁለት ዓመቱ ሰውዬ፣ ስሚንቶ ላይ ተንበርክኮ፣ በልጆች መሀል። አንዱ ልጅ ሣቀ፤ ሌላው በክርኑ ጎሸመው።

ሳምሪ ተነሣች። ስኩተሩን ሁለት ጊዜ ገፍታ ወደ መወጣጫው ሄደች። ሔሩይ ፊቱን ሊያዞር ፈለገ፤ አንገቱ ግን እሺ አላለውም። ተነሣች። ብዙም ከፍ አላለችም፤ መሪውንም አላዞረችም። ወረደች። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ድምፅ ስሚንቶውን ነኩ፣ ቀጥ ብለውም ሄዱ። እሷም አልቆመችም፤ በሜዳው በር ወጥታ ወደ ቤቷ ቁልቁል ወረደች።

«ሳምሪ!» አለ ኣታኽልቲ። «ለኔ ልትሰጪኝ አልነበር?»

ሳትዞር ጤነኛ እጇን ወደ ላይ አንሥታ አወዛወዘች።

ባለ አራት ብሎኗ ፋሸታ ዛሬ ከነላሜራዋ ሔሩይ በር ላይ፣ በቸርኬው መሀል ተንጠልጥላለች። ሥራ የሚያመጣ ሰው ምን እንደሆነች ሲጠይቅ ይነግረዋል፤ ሳያሳጥር፣ ከንፈሮቹን ማየቱን ሳይተው። በነገረ ቁጥር ጆሮው ይግላል። አንዳንዱ ሰምቶ ብስክሌቱን ይዞ ይመለሳል፤ ሔሩይም አያስቀረውም። ቶርኖ የሚፈልግ ሲመጣ ወደ ሰሜን ይልካል።

ሳምሪ ስኩተሯን የምታሠራው ገዛኢ ጋ ነው። በዚያ መንገድ ስታልፍ የጎማዋ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሔሩይ አሁን ወደ ውስጥ አይገባም፤ በርጩማው ላይ እንዳለ ቀና ይላል። «እንደምን ዋሉ» ትለዋለች፤ ዝም ብላ አልፋው ሄዳ አታውቅም። «ደህና ዋልሽ» ይላታል እሱም። ኣያ የምትለውን ቃል እስካሁን አልመለሰችለትም። እሱም አልጠየቃትም።